ለእንግዳ ክብር ያጠፋሁት አንቲቫይረስ

ልጄ ከአዲስ አበባ አዲስ ላፕቶፕ ላከችልኝና አንቲቫይረስ ልገዛ ደብረ ብርሃን ውስጥ አራት ሱቅ ዞርኩ። አራቱም አንገሸገሹኝ። የመጀመሪያው ሻጭ፣ "ፋዘር፣ ቶታሉን ይውሰዱ፤ ኢንተርኔት ሴኩሪቲው፣ የባንክ መጠበቂያው፣ የልጆች መቆጣጠሪያው ሁሉ አብሮ ነው" አለኝ። ልጆቼ ሁሉም ጎጆ ወጥተዋል፤ ጡረተኛ ሰው ማንን ይቆጣጠራል? ሁለተኛው ለሦስት ኮምፒውተር የሚሆን ካልሆነ አልሸጥም አለ። ሁለቱን ከየት ላምጣ ብለው፣ ጎረቤት የለዎትም ወይ ብሎ መለሰልኝ። ሦስተኛው፣ "ክራክ ነው፣ ግን ኦሪጅናል ነው" አለኝ፤ ይህን ሲል ዓይኑን እንኳ አላሸም። ተሰርቆ የመጣ ዘበኛ ቤቴን ሊጠብቅልኝ ነው ማለት ነው። አራተኛው ዕቃው ነፃ ነው፣ የምከፍለው ለመጫኛ ብቻ ነው አለና ጭኖ አሳየኝ። ነፃው ነገር ገና ተጭኖ ሳያበቃ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ አደጋ ላይ ነህ፣ ሙሉውን ግዛ ይለኝ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ዕቃዬ እንዲያስፈራራኝ አልፈልግም። አስነቅዬው ወጣሁ።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ሰላማዊት የምትባል ጎረቤት አለችን። ከሐዋሳ መጥታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው፤ ብርዳችንን ግን እስካሁን አልለመደችውም፣ ፀሐይ ወጥቶም ሹራብ ደርባ ነው የምትሄደው። ምሬቴን ስነግራት፣ "ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ልየው፤ የሚጠቅምዎት ነገር ካለ ወደ አዲሱ እናዛውረው" አለችኝ። የሚጠቅም ነገር የለበትም አልኳት። ያ ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ ጥግ ከተቀመጠ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ባለቤቴ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ሰላማዊት አበባውን አነሣች፣ ዳንቴሉን አጥፋ አስቀመጠች፣ ገመዶቹን ሰካካችና አስነሣችው። ማራገቢያው ትንሽ አጉረመረመና ከኋላው የሚሞቅ አቧራ ሽታ ወጣ። እሷ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፣ ምክንያቱም ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

ሚሊኒየሙ አልፎ ባነሩ ገና ከየመንገዱ ሳይወርድ ነው ኮምፒውተሩን የገዛሁት። ሞኒተሩ እንደ ቴሌቪዥን ሆድ ነበረው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ጭኜው ስመጣ ጫጫ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት በመስኮት አየችውና ባለ ቀለም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነው አልኳት፣ እግዜር ያስጀምርህ አለችኝ። ያኔ መናኸሪያው ኋላ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ነበረ፣ በደቂቃ ሠላሳ ሳንቲም፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ወጥቶ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ፊት ለፊቱ ማዕዘኑ ላይ የሲዲ ሱቅ ነበር፣ በጾም መዝሙር በፍስክ የሰርግ ዘፈን ይለቃል፣ ከታክሲ የወረደ ሁሉ ለአፍታም ቢሆን እዚያ ሳይቆም አያልፍም። ጎረምሶቹ ጥቁር የቆዳ ጃኬትና ሹል ጫማ አድርገው፣ ፍላሻቸውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። ሁለት ጊጋው ፍላሽ ሁለት መቶ ብር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ብር ደህና ብርድ ልብስ ይገዛል። ፍላሹ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የሰርግ ቪዲዮ፣ የዕድር ደብዳቤ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም በዚያው ነው። ደስ ይል ነበር አልዋሽም። ዛሬ ሰው በስልኩ ሁሉን ይላላክና በር አያንኳኳም፤ ያኔ ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይጨዋወት ነበር።

አንቲቫይረስ በዚያ ዘመን ከሲዲ ሱቁ ነው የሚገዛው፣ ሃያ ብር፣ ስሙ በማርከር የተጻፈበት ባዶ ሲዲ። ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለ ሱቁ አረንጓዴውን ይሻልሃል ካለ አረንጓዴውን፣ ቀዩን ካለ ቀዩን ነው። አንዴ ሁለቱንም ጫንኩ፣ ሁለት ዘበኛ ከአንድ ይሻላል ብዬ። እርስ በርስ ሌባ ነህ ሌባ ነህ ሲባባሉ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ ካላደሱት አዲስ ቫይረስ አያውቅም፤ ቤቴ ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ ማደሻውን በፍላሽ የምናመጣው ከዚያው ከካፌው ነው። የካፌው ኮምፒውተሮች ደግሞ የከተማውን ቫይረስ ሁሉ የሚያራቡ ነበሩ። መድኃኒቱን የምናመጣው በሽታው ከሚነሣበት ቤት መሆኑን ሳስበው አሁንም ይቀፈኛል። ይህን እያወቅሁ ሦስት ዓመት ተመላለስኩ።

አጎቴ አያ ወልዴ የእናቴ ወንድም ነበሩ። አንኮበር ተወልደው አንኮበር ያረጁ ገበሬ ናቸው፣ ፊደል አያውቁም። ግን በዚያ ገደላ ገደል ያለ ቤት ሁሉ ከማን እንደሚወለድ በራሳቸው ይዘውት ነበር። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሰው አይጋባም፤ ልጅ የሚድር ሰው ከሁሉ በፊት የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። የጣታቸውን አንጓ እየነኩ የወንዱን ወደ ላይ፣ የሴቲቱንም ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ "ስድስተኛው ላይ ተነካኩ፣ ተዉት" ይላሉ፣ ወይም "በሰባት ቤት የሉም፣ ጠጃችሁን ጣሉ።" ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምና መጥተው ሁለት ክረምት እኔ ቤት ከረሙ። እኔ ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን በመተየቢያ መኪና ላይ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ እጄ ፈጣን ነው። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጡና ይቆጥራሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አንዳንዴ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ አንድ ስም ላይ ይቆሙና፣ "እሱን አትጻፍ" ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው፣ "ጻፈው፣ እውነት ነው" ይላሉ። ሲጨርሱ፣ "ይሄ የሰው ገመና አለበት፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" አሉኝ። ስለዚህ አላተምኩትም፣ ፍላሽ ላይም አልገለበጥኩትም። አንድ ፎልደር ውስጥ አኖርኩት፣ ስሙን "አያ ወልዴ" አልኩት። በጥር እሳቸው አረፉ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሽፈራው የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ላሳትም ብለው ቤቴ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፍላሹን ነጭ መሐረብ ውስጥ ጠቅልለው ይዘውታል። ገና ስሰካው አንቲቫይረሱ እሪ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ሰሌዳ ወጣ፣ ድምፁም እንደ አምቡላንስ ያለ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ምን ሆነ ነው የሚለው?" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

"ምንም አይደል፣ ጋሼ።"

"ዕቃዬን ነው እንዴ የሚከሰው?"

"እሱ ልማዱ ነው፣ ዝም ብሎ ይለፈልፋል።"

እሳቸው ግን ቅር ብሏቸው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። በእኛ ቤት እንግዳ በር ላይ ኪሱ አይፈተሽም። ሰው እቤትህ መጥቶ፣ ያውም የዕድር ዳኛ፣ ያውም በጉርምስናዬ የመከረኝ ሰው፣ አምጣ እስቲ ልይህ፣ ቆሻሻ ይዘህ ይሆናል ይባላል? ፊቴ ጋለ። አንቲቫይረሱን አጠፋሁት። አንድ ቀን ቢጠፋ ምን ይሆናል ብዬ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት፣ ደንቡን አወጣሁላቸው፣ እስከ ደጅ ሸኘኋቸው፣ ተመራርቀን ተለያየን። እነሆ በይሉኝታዬ የሆነው ይህ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኔ ግን ሞፈሩን ራሴ ቆርጬ ለወሳጁ አሸከምኩ።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፍ ጀመር። ከካፌው ማደሻ አመጣሁና አንቲቫይረሱን መልሼ ከፈትኩ፤ ግማሽ ቀን ሲያንኮራኩር ዋለና ብዙ ነገር አገኘሁ፣ አጸዳሁ አለኝ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል "አያ ወልዴ" የሚለው ፎልደር የለም። ፈለግሁ፣ አስፈለግሁ፣ የሲዲ ሱቁን ሰው አመጣሁ፤ እሱም ነካካና፣ "አንቲቫይረሱ በልቶታል፣ አይመለስም" ብሎ ሄደ። የሁለት ክረምት የሽማግሌ ትንፋሽ በሃያ ብር ሲዲ ሲበላ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቲቫይረስ የሚባል ነገር ስሙ ሲጠራ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ፍላሹ የማን እንደነበረ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ምንም አልነበረ። ዘራቸው ከአንኮበር የሚመዘዘው ጋሽ ሽፈራው ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ከኮሌጅ የወጣች መምህርት፣ ቀጥ ብላ ሰውን ዓይን ዓይኑን የምታይ ልጅ። ጌታነህ የሚባል የአንኮበር ተወላጅ ለሦስት ዓመት ሲመላለስባት ኖሮ በግንቦት ሽማግሌ ላከ። ሁሉም ነገር እሺ ከተባለ በኋላ አንኮበር አጠገብ ካለችው ከጎረቤላ አንዲት አሮጊት፣ እነዚህ ልጆች አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ የሚል ወሬ ላኩ። አያ ወልዴ ሞተዋል። ሌሎቹ አዛውንቶች ግማሹ ይገናኛሉ፣ ግማሹ አይገናኙም አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ሽፈራው፣ "ተክሌ ጽፎታል፤ እሱ ዘንድ አለ" አሉና አስጠሩኝ።

ቤታቸው ሽማግሌዎቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፣ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሁሉም እኔን ያያል። ጠፋ አልኳቸው። እንዴት ጠፋ? ማሽኑ በላው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሰው ዘር ለማሽን ያበላ ሰው አየሁ አለ። ጋሽ ሽፈራው ብቻ አልተቆጡም፤ ተጠግተው፣ "ልጄ፣ ከአፋቸው የሰማኸው አንተ ነህ። ከልብህ ንገረን፤ እናምንሃለን" አሉኝ። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት፣ ፋይሉ ላይ የሌለ ነገር የለም እያልኩ ባለጉዳይ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። "በጽሑፍ ያልያዝኩትን አልመሰክርም" አልኩ። እንዲያውም ይህን ስል ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፣ አሁን ሳስታውሰው ምራቄ ይመርራል። ሽማግሌዎቹ ተያዩና በጥርጣሬ አይጋባም አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ጌታነህ አረርቲ ወርዶ እህል ነጋዴ ሆነ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ስንዱ አንኮበር ተመደበችና ሄደች። ብዙ ሰው ጠየቃት ይባላል፣ አላገባችም። ጋሽ ሽፈራውም ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ከሩቅ ሰላም አለችኝ።

ሰላማዊት ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና አለች። "ጋሼ፣ 'አያ ወልዴ' ማን ናቸው?"

መጀመሪያ አልገባኝም። የምታሳየኝ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ፎልደር ነበር። የት አገኘሽው አልኳት።

"እዚሁ ነበር። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙና በመልኩ አስመሳይ ያስቀምጣል፤ እርስዎ ያን ሲነኩት ይራባል። አንቲቫይረሱ የሰረዘው አስመሳዩን ነው። እውነተኛው እንደተደበቀ ቀረ። የተደበቀውን አሳይ ማለት ብቻ ነበር የሚፈልገው።"

"አንድ ሰው ቢያውቅበት ያን ዕለት ይገኝ ነበር?"

"በአንድ ደቂቃ።"

ከፈተችው። ስሞቹ እንደተየብኳቸው አሉ፣ ስሕተቶቼ ሳይቀሩ። አንቲቫይረሱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ አሥራ ምናምን ዓመት የረገምኩት ባላጠፋው ነገር ነው። ሰላማዊት ምርጫውንም በዚያው ጨረሰችልኝ፤ አዲሱ ላፕቶፕ ከነዘበኛው ነው የመጣው፣ እሱ ይበቃዎታል፣ በየጊዜው ይታደስ፣ የሚወዱትን ነገር ሁለተኛ ቦታ ያስቀምጡ፣ ሲጮህም አያጥፉት አለችኝ። ከአራቱ ሱቅ አንዱም ይህን አልነገረኝም። እኔ ግን ግማሹን ነው የሰማኋት፤ ወደ ታች እየወረድኩ የስንዱንና የጌታነህን ሐረግ እፈልግ ነበር። አገኘሁት። የሚገናኙት ዘጠነኛው ቤት ላይ ነው። ከሥሩ አያ ወልዴ ስለ ሁለቱ ቤት ያሉትን እንዳሉት ጽፌዋለሁ፣ "ይኸ ሩቅ ነው፣ ይጋባሉ።"

አንዲቱን ገጽ ብቻ አሳተምኩ፣ የሌላው ሰው ገመና እንዳለ ይቆይ። በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ አንኮበር ሄድኩ። ባለቤቴ አሁን ምን ይጠቅማታል፣ ተዋት አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚሄደው። ስንዱን ከትምህርት ቤት ስትወጣ አገኘኋት። አርባ አልፏታል፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ሸብቷል፣ አሁንም ሰውን ዓይን ዓይኑን ታያለች። ቤቷ አስገብታ ሻይ አፈላችልኝ። እኔ ቁጭ ከማለቴ ማውራት ጀመርኩ፤ ስለ ቫይረሱ፣ ስለ አስመሳዩ ፎልደር፣ እውነተኛው ስለ መደበቁ፣ የሲዲ ሱቁ ሰው እንዴት እንዳሳሳተኝ። ስለ ፍላሹ ባለቤት ዝም አልኩ። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ሲያስረዳ የምትሰማ ይመስል አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

"ዘጠነኛው" አለች።

"ዘጠነኛው።"

ወረቀቱን አጠፈችው። "ጋሼ፣ ያን ቀን መጋረጃው ኋላ ነበርኩ።"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"አባቴ ከልብህ ንገረን ሲሉዎት ሰምቻለሁ። ወረቀት ማንም አልጠየቀዎትም። እኔም ወረቀት አልጠበቅሁም፤ የጠበቅሁት የእርስዎን አንድ ቃል ነው።" ወረቀቱን እንደያዘች ጠየቀችኝ። "ያስታውሱት ነበር?"

ያን ሐረግ ሲቆጥሩልኝ አያ ወልዴ መሳቃቸውን፣ ጣታቸው ከሰባት አልፎ ወደ ሌላው እጅ መሻገሩን፣ ከዚያም "ይኸ ሩቅ ነው" ማለታቸውን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጬም ፊቴ ላይ ድቅን ብሎ ነበር።

"አስታውስ ነበር" አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን እጄ ውስጥ መልሳ አኖረችው፣ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ሻይዎን ይጠጡ፣ መኪና ያልፍብዎታል" አለችኝ።